ማንን አስፈቅደው ቀረጹት?

የዚህ ወር የመከራከሪያ ሐሳብ፦ «የዩፒክ ባህል ለነገ የሚተርፈው በካሜራና በማይክራፎን ነው።»

ዩፒኮች የአላስካ ነባር ሕዝብ ናቸው። የሚኖሩት በደቡብ ምዕራብ አላስካ፣ የዩኮንና የኩስኮክዊም ወንዞች ወደ ባሕር በሚገቡበት ረግረጋማ ሜዳ ላይ ነው። አብዛኞቹን መንደሮች እርስ በርስ የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም፤ በትንንሽ አውሮፕላን ወይም በወንዝ ነው የሚደረስባቸው። ሐሳቡን የሚደግፉት ጸሐፊ በአላስካ ትልቋ ከተማ፣ አንኮሬጅ የሚኖሩ ቪዲዮ አቀናባሪ ናቸው። የሚቃወሙት ጸሐፊ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራሉ፤ በአንድ ሙዚየም የዕቃ ማከማቻ ለዓመታት ሠርተዋል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ከፊደል ግድፈት በቀር ምንም አልነካንም፤ ሽሙጥ የመሰለንንም እንዳለ ትተነዋል።

ከአንኮሬጅ

አንድ ቅዳሜ ማታ እዚሁ ከተማ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተገኘሁ። ዩራክ ይሉታል፤ የዩፒኮች ጭፈራ ነው። ወንዶቹ ከፊት ይንበረከካሉ። ሴቶቹ ከኋላ ቆመው ጉልበታቸውን አጠፍ ዘርጋ ያደርጋሉ። ሥራው ያለው እጅ ላይ ነው። የወንዶቹ ማራገቢያ ክብ እንጨት ሆኖ ዙሪያውን ላባ ተሰክቶበታል። የሴቶቹ በሣር የተሰፋ ነው፤ ጠርዙ ላይ ረጅም የአጋዘን ጠጉር አለው። እጃቸው ሲንቀሳቀስ ጠጉሩ ዘግየት ብሎ ይከተላል።

ዘፈኑ ቀስ ብሎ ይጀምራል። በተደጋገመ ቁጥር ይፈጥናል፣ ከበሮው ይጠነክራል። አለቀ ስትሉ ከታዳሚው አንዱ «ፓምዩዋ!» ብሎ ይጮኻል። ቃሉ በቁሙ «ጅራቱ» ማለት ነው፤ ጅራቱ ቀርቷል፣ ጨምሩበት እንደ ማለት። ይደገማል። ኋላ ረድፍ ላይ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ዓይኔ እሳቸው ላይ ቀረ። ስልኬን አውጥቼ ሁለት ደቂቃ ቀረጽኩ። ማታውኑ ገጼ ላይ ለጠፍኩት።

ለጉራ አይደለም የምናገረው። ያ ጭፈራ ዛሬ መኖሩ ራሱ ትንግርት ነው። የሞራቪያን ሚስዮናውያን በ1885 ቤቴል ላይ ሰፈሩ። ቤቴል ዛሬ የአካባቢው ዋና ከተማ ናት። ጭምብሉንም ጭፈራውንም የጣዖት ሥራ ነው ብለው አስተዉ። እነሱ በገቡባቸው መንደሮች ከበሮ ለአስርት ዓመታት ዝም አለ። ከዚያ ትምህርት ቤት መጣ፤ በአፍ መፍቻው የተናገረ ልጅ ተቀጣ። አያትና የልጅ ልጅ የማይግባቡበት ቤት ተፈጠረ።

ምን ጠገነው? ማይክራፎን! በ1971 ቤቴል ላይ ኬ ዋይ ዩ ኬ የሚባል ሬዲዮ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ነባር ሕዝቦች ራሳቸው ከሚያስተዳድሯቸው የአሜሪካ ሕዝብ ጣቢያዎች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በዩፒክ ቋንቋ ዜና ያነባል። ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሽማግሌዎች ድምፅ ክሩ ላይ አለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ስሙን ከዚያችው ጩኸት የወሰደው ፓምዩዋ የሙዚቃ ቡድን መጣ። የመሠረቱት ወንድማማቾች ደማቸው ከዩፒክም ከጥቁር አሜሪካዊም ነው፤ ሙዚቃቸውም እንደዚያው ነው፤ የአያቶቹን ዜማ ከፈንክ ጋር ያጋባ። ከዚያ ስልክ መጣ። ባይረን ኒኮላይ የሚባል የቶክሱክ ቤይ መንደር ልጅ ሃይስኩል እያለ ከበሮውን እየመታ ፌስቡክ ላይ ይለጥፍ ነበር። በሺዎች ተከተሉት።

ባጭሩ፦ ያልተቀረጸ ጠፍቷል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

«ያልተቀረጸ ጠፍቷል።» ሃርድ ዲስክ የሚሸጥ ሰው ቢላት አይገርመኝም።

የዩፒክ ልጃገረዶች አንድ ጨዋታ ነበራቸው። ወንዝ ዳር ጭቃው ላይ ቁጭ ይላሉ። አንዷ ቢላዋ ታወጣለች፤ ስለት የለውም፣ ዋልረስ ከሚባለው የባሕር እንስሳ ጥርስ ወይም ከእንጨት የተሠራ ነው። አባቷ ወይም አያቷ ነው የሠራላት። ጭቃውን ደልደል ታደርግና እያወራች ትስላለች። ቤቱን፣ አያትየዋን፣ እምቢተኛ የልጅ ልጇን። ነገሩ ወደ ሌላ ቦታ ሲዞር በቢላዋው ጎን ጠረግ! ሌላ ሥዕል። ተረቱ ሲያልቅ ጭቃው ባዶ ነው። ምን ጠፋ? ምንም። ተረቱ አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ ጆሮ ውስጥ ነው።

ጭምብሉም እንደዚሁ ነበር። ለክረምቱ ሥነ ሥርዓት ይሠራል፤ ይጨፈርበታል። ሲያበቃ ብዙውን ጊዜ ይቃጠላል፣ ወይም ሜዳ ላይ ተጥሎ ይበሰብሳል። በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ይቀረጻል። እርስዎ ያልተቀረጸ ጠፍቷል ይላሉ። እነሱ ቀርጸው ያቃጥሉ ነበር። እጃቸው ሙያውን ያልረሳው በየዓመቱ እንደ አዲስ ስለሚጀምሩ ነው።

ያልተቃጠለው ወዴት እንደ ሄደ ልንገርዎት? ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትዊቼል የሚባል ነጋዴ እዚያው ኩስኮክዊም ላይ ሰበሰበው፤ ኒውዮርክ የጆርጅ ሃይ ሙዚየም ገባ። በ1940ዎቹ ከሙዚየሙ ወጥቶ ካርልባክ የሚባል ነጋዴ ሱቅ ደረሰ። ገዢዎቹ ከጦርነቱ ሸሽተው የመጡ የአውሮፓ አርቲስቶች ናቸው፤ እነ አንድሬ ብሬቶን፣ እነ ማክስ ኧርንስት። በ2011 አንዱ ጭምብል ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። መንደሩ ስንት ደረሰው? እርስዎ ይንገሩኝ።

እኔ እንዲህ ያሉ ጭምብሎችን በጓንት ይዤ አውቃለሁ። መሳቢያው ሲሳብ መጀመሪያ የሚታየው ቀዳዳ ነው። ላባው ረግፏል፤ ተሰክቶበት የነበረው ቀዳዳ ብቻ ጠርዙን ዞሮ ተደርድሯል። ካርዱ «ጭምብል፣ እንጨት፣ አላስካ» ይላል። ማን ሠራው? የለም። ምን ተዘፈነለት? የለም። ይኸውልዎ፣ ተጠብቋል።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። የእነዚህ ሰዎች ዘፈን ብዙው የሰው ታሪክ ነው፤ አንዱ አደኑን፣ ሌላው ጉዞውን ይዘፍንበታል። እነዚያን አሮጊት አስፈቅደው ነው የቀረጹት?

ከአንኮሬጅ

እህቴ፣ ይቃጠል ነው የሚሉት? በግልጽ ይንገሩንና እንረፍ።

በ1996 ጃንዋሪ ምን እንደ ሆነ ያውቃሉ፤ ሙዚየም ሠርተዋልና ሊያውቁ ይገባል። ከአሜሪካና ከአውሮፓ ሙዚየሞች የተሰባሰቡ የዩፒክ ጭምብሎች በትልቅ ኤግዚቢሽን ቀረቡ። መጀመሪያ የተከፈተው ኒውዮርክ አይደለም። ቶክሱክ ቤይ ነው! ጥቂት መቶ ሰው የሚኖርባት የባሕር ዳር መንደር። ሰው ከየአካባቢው በትንንሽ አውሮፕላን መጣ። ሽማግሌዎች አባቶቻቸው የቀረጹትን ቆመው አዩ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቤቴል፣ ወደ አንኮሬጅ፣ ወደ ኒውዮርክ የተሻገረው። በዓመቱ የዩፒክ ሽማግሌዎች በርሊን ድረስ ሄዱ። ጃኮብሰን የሚባል ኖርዌጂያዊ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ሰብስቦ ለበርሊን ሙዚየም የወሰደውን ዕቃ አንድ በአንድ እያነሱ ሲያወሩ ሰነበቱ። ያ ሁሉ ቢቃጠል ኖሮ ምን ሊያዩ ነበር? አመድ?

ደግሞ እነዚህን ሰዎች እንደ ብርቅ ዕቃ አንያቸው። አዲስ ነገር አይፈሩም። ከመቶ ዓመት በፊት ኡያኩክ የሚባል ማንበብ መጻፍ የማይችል ዩፒክ ለራሱ ቋንቋ ፊደል ፈጠረ። በሥዕል ጀመረ፤ በመጨረሻ እንደ እኛው ፊደል አንዱ ምልክት አንድ ድምፅ ከነአናባቢው የሚይዝበት ደረጃ አደረሰው። ከበሮውስ? ድሮ የዋልረስ ጨጓራ ነበር የሚወጠርበት። ዛሬ ናይለን ነው። ናይለን! ማንም አላለቀሰም። ልጆቹ በናይለን ከበሮ እየጨፈሩ በስልክ ሲቀረጹ አንቺ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጠሽ ጭቃ ላይ ይሣሉ ትያለሽ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

«አንቺ» የተባልኩት ከመቼ ጀምሮ ነው? በሁለተኛው ዙር ከእርስዎ ወደ አንቺ ከወረድን በአራተኛው ምን ልባል ነው? እኔ በእርስዎ እቀጥላለሁ። ያሳደጉኝ ሰዎች እንዲህ ነው ያስተማሩኝ።

አቃጥሉ አላልኩም። ያቃጥሉ ነበር አልኩ። የግሡን ጊዜ ይዩልኝ። እኔ የምለው፣ የሚቃጠለውንና የሚቀመጠውን የሚመርጠው ባለቤቱ ነው። የቶክሱክ ቤዩን ምሳሌ ስላመጡልኝ አመሰግናለሁ፤ ሥራዬን አቀለሉልኝ። ኤግዚቢሽኑ ለምን እዚያ ተከፈተ? ሽማግሌዎቹ ከመጀመሪያው ስለነበሩበት ነው። ስሙን በራሳቸው ቋንቋ ሰየሙት፤ ወደ እኛ ሲመለስ «የጸሎታችን ሥርዓት» እንደ ማለት ነው። ጸሎት! እርስዎ ጭፈራ ይሉታል። በርሊንም ቢሆን ሽማግሌዎቹ ሄደው ተናገሩ እንጂ ማንም ሹልክ ብሎ ስልኩን አላወጣባቸውም።

የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ከመቅደላ የተዘረፉ ታቦቶች አሉት። ተዘግተው ተቀምጠዋል፤ ለማንም አይታዩም። አንድ ሰው ገብቶ በስልኩ ቢቀርጽና «ያልተቀረጸ ጠፍቷል» ቢልዎ እርስዎ ምን ይሉታል? ላይክ ያደርጉለታል?

ናይለን ናይለን ይላሉ። ናይለኑን ማን መረጠው? ከበሮ መቺው።

ጥያቄዬ ደግሞ አሁንም እንዳለ ነው። ሁለት ዙር አለፈ። ማንን አስፈቅደው ቀረጹት?

ከአንኮሬጅ

ስለ «አንቺ» ይቅርታ። ከልቤ ነው። አምልጦኝ ነው፤ ያናደዱኝ እርስዎ ቢሆኑም ጥፋቱ የእኔ ነው።

ታቦቱን ግን ምን አመጣው? ክርክሩ ስለ አላስካ ነው። ታቦት ሲጠራ አበሻ ሁሉ ዝም እንደሚል ያውቃሉ፤ ለዚያ ነው የመዘዙት።

ማስፈቀድ፣ ማስፈቀድ፣ ማስፈቀድ። እሺ። ባሕሩ ማንን አስፈቀደ?

ኩዊንሃጋክ የምትባል መንደር አለች። አጠገቧ ኑናሌክ የሚሉት የአያቶች መንደር ከ400 ዓመት ገደማ በፊት ተቃጥሎ መሬቱ ውስጥ ቀርቷል። አፈሩ በረዶ ስለነበር እንጨቱም፣ የሣር ስፌቱም፣ ጭምብሉም ሳይበሰብስ ቆየ። አየሩ ሲሞቅ በረዶው ይቀልጥ፣ ባሕሩም ዳርቻውን ይበላ ጀመር። በ2009 ቁፋሮ ተጀመረ። እስካሁን ከ100,000 በላይ ዕቃና ስባሪ ወጥቷል። ወደ ውጭ ተጭኖ አልቀረም፤ በ2018 እዚያው መንደር ውስጥ ማዕከል ተከፈተለት። ሰው ገብቶ መሳቢያውን ራሱ ይስባል። ያለ ጓንት! መንደሯ የሞራቪያን መንደር ናት፤ ከበሮ ከቆመ ስንት ዘመኑ ነበር። ዕቃው መውጣት ሲጀምር ወጣቶቿ እንደገና ጨፈሩ። ከመሬት በወጣ ጭምብል ምክንያት እኮ ነው!

ከዚያ በኦክቶበር 2025 ያ ማዕበል መጣ። ኪፕነክና ክዊጊሊንጎክ የሚባሉትን መንደሮች ከነቤታቸው አነሳቸው። ሰዉ በአውሮፕላን እየተጫነ ወደ እኛ ከተማ መጣ። ኑናሌክ ላይ ደግሞ ገና ያልተቆፈረውን ዳርቻ ገምሶ ወሰደው። በሺዎች የሚቆጠር ዕቃ ጭቃው ላይ ተበተነ። የተቆፈረው ተርፏል። ያልተቆፈረው ባሕር ውስጥ ነው። አሁን «ያልተቀረጸ ጠፍቷል» ሲባል ያስቃል?

ሌላም አለ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ኮንግረስ ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የተመደበውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሰረዘ። የኬ ዋይ ዩ ኬ በጀት አብዛኛው ከዚያ ነበር የሚመጣው። መንገድ በሌለበት አገር፣ ኢንተርኔቱ ነፋስ በመጣ ቁጥር በሚጠፋበት አገር፣ በቋንቋቸው የሚያወራቸው ጣቢያ ጉሮሮው ሲታነቅ እኛ እዚህ ስለ እኔ ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ እንጨቃጨቃለን። መከራከር ካለብን ስለዚያ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ይቅርታዎን ተቀብያለሁ። «ያናደዱኝ እርስዎ ቢሆኑም» የምትለዋን ግን መልሼልዎታለሁ፤ ያስቀምጧት።

ባሕሩማ ማንንም አያስፈቅድም። እርስዎ ባሕር ነዎት?

ኩዊንሃጋክን ያውቋታል፤ ቁፋሮው እንዴት እንደ ጀመረ ግን ዘለሉት። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ላይ ደስ አላላቸውም። የአያት መሬት አይነካም የሚል እምነት አለና። ተነጋገሩበት። የመንደሩ ሰዎች መከሩ፣ ከዚያ ተስማሙ። ከተስማሙ በኋላ ነው አካፋው መሬት የነካው። በዚያ ሁሉ በረዶ መቅለጥ፣ ባሕሩ በር ላይ ቆሞ እያለ፣ ለመነጋገር ጊዜ አገኙ። እርስዎ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ምንም ሳይቀልጥ፣ አሮጊቷን «እማማ፣ ልቅረጽዎት?» ለማለት ጊዜ አጡ። ሁለት ቃል እኮ ነው።

ስለ ሬዲዮው አልከራከርዎትም። እንዲያውም ይረዳ ካሉ እኔም ልርዳ፤ እንዴት እንደሚላክ ይጻፉልኝ። ግን ያስተውሉ፣ ሬዲዮው ላይ የሚናገረው ዩፒክ ነው፣ የሚሰማው ዩፒክ ነው፣ ቋንቋው ዩፒክ ነው። ባይረን ኒኮላይም የያዘው የራሱን ከበሮና የራሱን ስልክ ነው። ፓምዩዋም የአያቶቻቸውን ዜማ ነው የሚጫወቱት። ያመጧቸው ምሳሌዎች በሙሉ ማይክራፎኑን ራሳቸው የያዙ ሰዎች ናቸው። አንድም ቦታ ላይ እርስዎ የሉበትም።

«ካሜራ ያድናል» ብለው ጀመሩ። አሁን «ሬዲዮ ይደጎም» ላይ ደርሰናል። መልካም ነው፣ ከዚህኛው ጋር እስማማለሁ። ያኛውን ግን ሲተዉት አይቻለሁ።

ከአንኮሬጅ

አልተውኩም። አሮጊቷን ሳይሆን አጠገቤ የቆመውን የልጅ ልጃቸውን ነው ያስፈቀድኩት። «ቅረጽ» አለኝ። ይኸው መልሱ። ጥያቄዎን ወደ ኪስዎ ይመልሱ።

እውነት ለመናገር እርስዎ የሚሉት ቢተገበር ግማሹ ሥራዬ ይቆማል። ሠርግ ቀራጭ ሙሽራዋን ብቻ አስፈቅዶ ነው የሚቀርጸው፤ እልፍኝ ሙሉ ዘመድ አያስፈቅድም። በዚያ ላይ የእነሱ ጭፈራ በአደባባይ ነው። ቤቴል ላይ በየዓመቱ ቻማይ የሚባል የዳንስ ፌስቲቫል አለ፤ ቻማይ በእነሱ አፍ ሰላምታ ነው። ሰላም ብሎ ለጠራህ ሰው ጀርባህን አትሰጥም።

ለማንኛውም ቪዲዮውን አውርጄዋለሁ። በእርስዎ ምክንያት አይደለም። መጨረሻው ላይ «ፓምዩዋ!» ብሎ የሚጮኸው እኔ ነኝ፤ ከበሮውን ውጦታል፤ ድምፁን ማጽዳት አልቻልኩም። ሙያዊ ጉዳይ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሙያዊ ጉዳይ ከሆነ ምን እላለሁ። የእርስዎ ጩኸት ግን ቢቀር አይከፋኝም ነበር፤ ከቪዲዮው ሁሉ የራስዎ የሆነው እሱ ብቻ ነው።

አንዲት ነገር ብቻ። «ቅረጽ» ያለዎት የልጅ ልጅ ዕድሜው ስንት ነው?